ቀይዋን ሰጥቼ ጥቁሯን የወሰድኩ ጊዜ

ባለፈው ሰሞን የልጄ ባል ሄኖክ ከአዲስ አበባ አዲስ መኪና ይዞ ከተፍ አለ። የኤሌክትሪክ ናት። እኔ በር ላይ ወንበሬን አውጥቼ የጠዋት ፀሐይ እየሞቅኩ ነበር። በሰፈራችን ባጃጁም ሚኒባሱም የጎረቤት ልጅ ሞተር ሳይክልም ገና ከማዶ ሲመጣ ለጆሮዬ ሳይነግር አያልፍም፤ ይህቺ ግን ጉልበቴ ሥር እስክትደርስ አልሰማኋትም። እንደ ድመት ነው የመጣችው። «ጋሼ፣ ይግቡ እስቲ፣ ይሞክሯት» አለኝ። ገባሁ። ወንበሩ ይመቻል፤ ፊት ለፊት ቴሌቪዥን የሚያህል ነገር ተለጥፏል። «ሞተሩ የት ጋ ነው?» አልኩት። «እንደ ድሮው ዓይነት ሞተር እኮ የላትም፣ ጋሼ።» «ታዲያ መንገድ ላይ ስትቆም ምኗን ነው የምንሰድበው?» ሄኖክ ከልቡ ሳቀ። እኔ ግን አፍንጫዬ ሌላ ነገር ይፈልግ ነበር። መኪናዋ የምትሸተው አዲስ ጫማ ከካርቶን ሲወጣ የሚሸተውን ነው። ክፉ ሽታ አይደለም። ግን እኔ የማውቀው የመኪና ሽታ ሌላ ነው፤ ፀሐይ የመታው ወፍራም ቆዳ፣ ትንሽ ቤንዚን፣ ትንሽ የቆየ ሽቶ። እሱን አንዴ ያሸተተ ሰው በካርቶን አይታለልም። ሄኖክ ስለ ባትሪው ሲያስረዳኝ ራሴን እየነቀነቅኩ አዳመጥኩት፤ ልቤ ግን ዝዋይ መንገድ ላይ ነበር።

ያኔ ከተማችንን ናዝሬት ነበር የምንላት፤ አሁንም አዳማ ልል ስል አንዳንዴ ያመልጠኛል። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ። መንግሥት ተለውጦ፣ ንግድ ከሕመም እንደተነሣ ሰው ቀና ብሎ ሾርባ መጠጣት የጀመረበት ሰሞን ነው። ሊስትሮ በስሙኒ ጫማህን መስታወት ያደርግልሃል። ማኪያቶ በሳንቲም ነበር፤ ዛሬ ያንኑ ማኪያቶ ፉት ባልኩ ቁጥር «በዚህች ፉት ድሮ ዶሮ እገዛ ነበር» ስል አስተናጋጇ «አባባ ደግሞ ጀመሩ» ትላለች። ከፍራንኮ ሰፈር እስከ ባቡር ጣቢያ የምንሄደው በፈረስ ጋሪ ነው፤ ጋሪው ላይ ሦስት ሰው ሲጫን ፈረሱ ዞር ብሎ ያየናል። ወንዱ ሁሉ ትከሻው በስፖንጅ የተሞላ ኮት ይለብስ ስለነበር ጠባብ በር የምንገባው በጎን ነበር። ካሴት ቤቶቹ ደግሞ ድምፅ ማጉያቸውን ወደ መንገድ አዙረው ይፎካከራሉ፤ ፖስታ ቤቱ አጠገብ መንገድ መሀል የቆመ ሰው በአንድ ጆሮው ሰርግ፣ በሌላው ጆሮው መለየትን ይሰማል። እኔም አመሻሽ ላይ እዚያው እቆምና የትኛው ካሴት እንደበረታ እፈርድ ነበር። ምንም አልገዛም። መስማት በነፃ ነው።

ሥራዬ ሽንኩርት ነበር። ከመቂ፣ ከዝዋይ፣ ከአዳሚ ቱሉ ማሳ ላይ ገዝቼ ናዝሬት አምጥቼ ለገበያውና ለሆቴሎቹ እሸጣለሁ። ዛሬ ገበሬው ማሳው መሀል ቆሞ በሞባይል የአዳማን ዋጋ፣ የመርካቶን ዋጋ፣ የፈለገ እንደሆነ የጅቡቲንም ይጠይቃል። ያን ጊዜ ስልክ ማለት ግማሽ ቀን ተሰልፎ «ሃሎ! ሃሎ! አይሰማም!» ብሎ መመለስ ነው። ስለዚህ ዋጋ በመኪና ነበር የሚሄደው። ናዝሬት ጠዋት ሽንኩርት ከተወደደ፣ ያንን ወሬ ይዞ ማሳ ላይ ቀድሞ የደረሰ ነጋዴ በትናንቱ ዋጋ ይገዛል፤ ዘግይቶ የደረሰው ደግሞ የቀደመው ሲጭን እያየ ሙዝ ይበላል። የንግዱ ትምህርት ቤት ይኸው ነው፤ ሁለተኛ ክፍል የለውም።

እኔ ሁሌ እቀድም ነበር፤ በእኔ ጉብዝና ሳይሆን በቀይዋ። ቀድሜ ዋጋ እቆርጣለሁ፤ ጭነቱን የኪራይ ከባድ መኪና ኋላ ሄዶ ያመጣዋል። ቀይዋ ጣሊያን ሠራሽ፣ ባለ ሁለት በር፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ከመሬት ስንዝር ከፍ ያለች የስፖርት መኪና ናት። ወንጂ ይሠራ ከነበረ ፈረንጅ ላይ ነው ወደ አገሩ ሊመለስ ዕቃውን ሲሸጥ የገዛኋት። እንዴት ያለች መኪና! ቁልፉን ስታዞር በአንድ ምት ትነሣለች። ጉንፋን እኔን ይይዘኛል እንጂ እሷን አይዛትም። ቆቃን አልፋ ዓለም ጤና ስትደርስ የምታሰማው ድምፅ ዓሣ ጠባሾቹን ቀና ያደርጋቸዋል። አዳሚ ቱሉ ያሉት ገበሬዎች ከማየታቸው በፊት በድምጿ ያውቋታል። «ዲምቱን ዱፍቴ!» ይባባላሉ በኦሮምኛ፣ ቀይዋ መጣች ማለታቸው ነው።

ከሁሉ ደስ የሚለው ግን ገበሬዎቹ ስለ ቀይዋ የነበራቸው አስተያየት ነው። ነጋዴ ከገበሬ ፊት ዘለዓለም ከሳሪ መሆን አለበት፤ ይህ ሕግ ነው። እኔም ለዚሁ ብዬ ክርኑ የተቀደደ፣ ቁልፍ የጎደለው አንድ ኮት ነበረኝ፤ ሚስቴ «የክስረት ኮት» ትለዋለች፤ ማሳ ለመሄድ ካልሆነ አልለብሰውም። ኮቱን ለብሼ ከስፖርት መኪና ስወርድ ነገሩ ይፋረሳል ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። አልተፋረሰም። የሽማግሌዎቹ አውራ የነበሩት ኦቦ ገመቹ መጀመሪያ ቀን ቀይዋን ዞረው ዞረው አይተው፣ በከዘራቸው ጎማውን ነካ አድርገው፣ «ታደሰ፣ የኋላው ወንበር የታል?» አሉኝ። «የላትም፣ አባ።» «የኋላው ሁለት በርስ?» «እሱም የለም።» አንገታቸውን በሐዘን ነቀነቁ። «ግማሹን ብቻ ነው ለመግዛት የቻልከው? አይዞህ። ዋቃ ቀሪውን ግማሽ ይሙላልህ።» ሌሎቹም «አሜን» አሉ። እኔም ከሁሉ ጮኼ «አሜን» አልኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግማሽ መኪና ብቻ ላለው ምስኪን ይራሩ ነበርና ዋጋ ሲቆረጥ ለእኔ ትንሽ ይቀነስልኛል።

እንግዲህ እንዲህ ያለች እንጀራ የሆነች መኪና ያለው ሰው ሌላ መኪና መመኘት አልነበረበትም። ልብ ግን ሽንኩርት አትነግድም። እኔ የምመኛት ጥቁሯን ነበር። ጀርመን ሠራሽ፣ ረጅም፣ አፍንጫዋ ላይ ኮከብ የተተከለባት፣ በሯ ሲዘጋ «ድብ» ብሎ እንደ ባንክ ካዝና የሚዘጋ። የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ የነበሩት የአቶ ይርጋ መኪና ናት። ገና ጎረምሳ ሳለሁ ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ቆማ አይቻታለሁ፤ አቶ ይርጋ ወርደው ሲሄዱ ሽታዋ ለአፍታ በመስኮቱ ወጥቶ አገኘኝ። እዚያው ቀረሁ። ከዚያ ዘመን ተለወጠ፤ ጥሩ መኪና ማሳየት ራሱ ወንጀል የመሰለበት ጊዜ መጣ፤ አቶ ይርጋ ሸራ አልብሰው ግቢያቸው ውስጥ ማንጎው ሥር አቆሟት። እሳቸውም ሞቱ። እኔ በዚያ አጥር ባለፍኩ ቁጥር በቆርቆሮው ቀዳዳ የሸራውን ጫፍ አይቼ ነው የማልፈው። ሚስቴ «ሌላ ሴት ብትመለከት ይሻለኝ ነበር፤ ሴት ታረጃለች» ትለኝ ነበር።

በመጨረሻ ድፍረቱን አገኘሁና የአቶ ይርጋን ሚስት፣ እትዬ ዘነበችን፣ ላናግር ሄድኩ። ቁመታቸው ዘለግ ያለ፣ ንግግራቸው ቁጥብ፣ ከተማው የሚያከብራቸው ሴት ናቸው። በረንዳው ላይ አስቀመጡኝ።

«ለመኪናዋ መጥተህ ከሆነ አትሸጥም» አሉኝ፤ ገና ሻይ ሳይቀርብ።

«እንዴት አወቁ እትዬ?»

«ይህን ያህል ዘመን በአጥሬ ቀዳዳ የምታየው እኔን እንዳልሆነ አውቃለሁ። የባሏን መኪና ሸጠች የሚለኝ ሰው እንዲኖር አልፈልግም።» ወንበራቸውን ወደ እኔ አስጠጉ። «ያቺ ቀይ መኪናህ ግን... ኋላ ወንበር የላትም የሚሉት እውነት ነው?»

«እውነት ነው። የላትም።»

«ጥሩ።» ወደ ማንጎው ተመለከቱ። «እኔ ያገባሁ ጊዜ መንጃ ፈቃድ ነበረኝ፤ ታውቃለህ? ነፍሱን ይማረውና ይርጋ አንድም ቀን መሪ አላስነካኝም። ሾፌር ፊት፣ እኔ ኋላ። ዕድሜዬን በሙሉ የሰው ማጅራት እያየሁ ነው የተጓዝኩት። ሶደሬ ስንሄድ ማጅራት፣ ቁልቢ ስንሄድ ማጅራት። መሸጥ ነውር ነው፤ መለወጥ ግን ነውር ነው ያለኝ የለም። እንለዋወጥ?»

ነጋዴ ነኝ፤ ስንት ክርክር አይቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ቶሎ «እሺ» ብዬ አላውቅም። በለውጥ ጊዜ ልማዱ አንዱ ወገን ጭማሪ ይጠይቃል፣ ሌላው ይምላል፣ ደላላው ይሳደባል፣ መጨረሻ ላይ ሁሉም እንደተበደለ ይለያያል። እሳቸው ጭማሪ የሚባል ነገር አላነሡም። መካኒኩ ጓደኛዬ ሸምሱ ጥቁሯን ፈትሾ፣ ዘይት ቀይሮ፣ ባትሪ አስገብቶ አስነሣት። ድምጿ እንደ ቄስ ዝቅ ያለ ነበር። ሸምሱ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወደ ጎን ሳበኝ። «ሞተሯ አላህን ይፈራል፤ ምንም የለባትም። ግን አንተ ሰውዬ፣ ሽንኩርት በዚህ ልትገዛ ነው? አሞህ እንደሆነ ንገረኝ።» እትዬ ዘነበች እጃችንን ስንማታ አንድ ቃል ጨመሩ፦ «ታደሰ፣ ለሁለታችንም አዲስ ነገር ነው። እስከ እሁድ እንሞክረው። ያልጣመው ሰው ቁልፉን ይመልስ፤ ቂም የለም።»

ስለዚያ የመጀመሪያ ቀን ጉዞ ምን ልበላችሁ! የክስረት ኮቴን አውልቄ የሰርጌን ሱፍ ለበስኩ፤ ያቺን መኪና በተቀደደ ክርን መንዳት ኃጢአት መሰለኝ። ወንበሩ ሲቀበልህ እንደ ዘመድ ነው። መሪው በአንድ ጣት ይዞራል። ጉድጓድ ስታልፍ ጉድጓዱ እሷን ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስላል። ሞጆን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ የቆዳ ፋብሪካው ሽታ መስኮት ዘግተህም አፍንጫህ ውስጥ ተሳፍሮ እስከ ቆቃ ይሸኝሃል። እኔ በሕይወቴ ሞጆን ሳይሸተኝ ያለፍኩት በዚያች መኪና ነው። መስኮቱን ዘጋሁ፣ አለቀ። ከባድ መኪና ሾፌሮቹ መንገድ ለቀቁልኝ። መቂ ላይ አንድ ትራፊክ ፖሊስ ሰላምታ ሰጠኝ፤ ማን እንደመሰልኩት እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እኔም በትሕትና አጸፋውን መለስኩ።

አዳሚ ቱሉ ስደርስ «ዲምቱን ዱፍቴ» ያለ አልነበረም። ማሳው ዳር ቆምኩ፣ በሩ «ድብ» አለ፣ ወረድኩ። ገበሬዎቹ ሥራቸውን አቁመው ያዩኛል። ኦቦ ገመቹ ከዘራቸውን ተደግፈው መጡ።

«አካም ቡልቴ፣ ታደሰ! አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ አባ።»

መኪናዋን ዞሩ። በሮቹን በከዘራቸው እየነኩ ቆጠሯቸው። የኋላውን ወንበር በመስኮት አዩ። ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞረው በኦሮምኛ ጮክ ብለው ተናገሩ፤ ሁሉም አጨበጨበ።

«ጸሎታችን ደርሷል አልኳቸው» አሉኝ። «ቀሪው ግማሽ ተሞላልህ። እልል በል እንጂ! ሽንኩርት ናዝሬት ስንት ገባ?»

«ኧረ ወርዷል፣ አባ። በጣም ወርዷል።»

«ወርዶ ነው እንዲህ ያለበሰህ?» ሱፌን በሁለት ጣት ያዝ አድርገው ጨርቁን መዘኑ። «ቢወጣማ ኖሮ በአውሮፕላን ነበር የምትመጣው!»

ሳቁ ማሳውን ዞረ። እኔም ሳቅኩ፤ ምን አማራጭ አለኝ። ያን ቀን ግን የሸጠልኝ ሰው የለም። በክፋት እንዳይመስላችሁ። ይህን ሁሉ ዓመት ለደሃው ታደሰ ነበር የሚቀንሱት፤ ደሃው ታደሰ አልመጣም። ለመጣው ጌታ የጠሩት ዋጋ ናዝሬት ከምሸጥበት በላይ ነበር። ዓርብም ተመለስኩ፤ ያው ነው። ቅዳሜ መኪናዋን ዝዋይ ከተማ አቁሜ፣ የክስረት ኮቴን ለብሼ፣ በጋሪ ማሳ ድረስ ሄድኩ። ኦቦ ገመቹ ከሩቅ አይተው «ሾፌርህን የት ተውከው?» አሉኝ። ያኔ ነገሩ እንዳለቀ ገባኝ። ሰኞ ገበያ ባዶ እጄን ከቀረብኩ ሆቴሎቹ ወደ ሌላ ነጋዴ ይዞራሉ፤ በሽንኩርት አንዴ የዞረ ደንበኛ ደግሞ አይመለስም። ወይ መኪናዋ፣ ወይ እንጀራዬ።

ሸምሱ «መልስ» አለኝ። ሚስቴ «መልስ» አለችኝ፤ ከዚያ ደግሞ የኋላው ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ቆዳውን በእጇ ዳሰስ አድርጋ፣ «ትንሽ ቆይተህ መልስ» አለች። እሁድ ከቀትር በኋላ ጥቁሯን አጠብኳት፤ ውኃው ላይዋ ላይ እንደ ብርጭቆ ዶቃ ሲንከባለል እያየሁ ጊዜ ፈጀሁ። ሱፌን ለብሼ፣ ቁልፉን ጨብጬ፣ እትዬ ዘነበች በር ላይ ደረስኩ። የሉም። ዘበኛው «በጠዋት ነው የወጡት፤ ዝዋይ ዓሣ ልበላ ብለው» አለኝ። ጥቁሯን ማንጎው ሥር፣ የሸራው ቦታ ላይ፣ አቁሜ ጠበቅኩ።

ድምጿን ከሩቅ ሰማሁት። ቀይዋ አቧራ ጠጥታ ገባች። እትዬ ዘነበች በነጭ ሻሽ ጸጉራቸውን አስረው፣ ጥቁር መነጽር አድርገው፣ ፊታቸው በአቧራ ነጥቶ፣ እንደ ልጅ እየሳቁ ወረዱ። አጠገባቸው ያለው ወንበር ላይ አንድ ጆንያ ሽንኩርት እንደ እንግዳ ተቀምጧል። ከወንበሩ ኋላ ባለችው ክፍተት ሌላ ጆንያ ተጠቅጥቋል።

«እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! አዳሚ ቱሉ ላይ ሰዎች እየሮጡ መጥተው መንገድ ዘጉብኝ። አንድ ባለ ከዘራ ሽማግሌ አየኝና አዘነ። ባልሽስ? አለኝ። ሞቷል አልኩት። ግማሽ መኪና ትቶልሽ ሞተ? አለኝ። አዎ አልኩት፤ ምን ልበል? ‹በይ የእኔን ማሳ ውሰጂ፣ በድሮው ዋጋ፣ ሰኞ መኪና ላኪ› ብሎ እጄን መታ። ይሄን ለናሙና ጫነልኝ። ታደሰ፣ እኔ ሽንኩርት ወጥ ውስጥ እንጂ ማሳ ላይ አይቼ አላውቅም! ግን መንገዱ! ያ ቆቃ ላይ ያለው ቁልቁለት!» ከዚያ እጄን አዩ። ሳቃቸው ቆመ። መነጽራቸውን አወለቁ። «ቁልፉን ይዘሃል። ልትመልስ ነው የመጣኸው?»

ሴትዮዋን አየሁ፤ የቀይዋን በር በአንድ እጃቸው እንደያዙ ናቸው፣ አለቀቁትም። ጥቁሯን አየሁ፤ ኮከቡ ላይ የማታ ፀሐይ ወድቋል። ነጋዴ ነኝና በአንድ ትንፋሽ ሒሳቡን ሠራሁ፤ ለመግዛት ግማሽ መኪና ያስፈልጋል፣ ለመሸጥ ሙሉ መኪና። ገበሬ ለደሃ ይራራል፤ ባለ ሆቴል ደግሞ ሀብታምን ያምናል።

«የለም እትዬ» አልኩና ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። «ሽንኩርቱን ላወርድልዎት ነው።»

በሰርግ ሱፌ ጆንያውን ተሸከምኩ። ሱፉ ከዚያ በኋላ ለሰርግ አልሆነም። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት እትዬ ዘነበች ይገዛሉ፣ እኔ እሸጣለሁ፤ ትርፉን እኩል። እንደሳቸው ያለ ቀዳሚ ነጋዴ የስምጥ ሸለቆ መንገድ አላየም፤ ጎማ ሲቀይሩ እንኳ ሰው አያስነኩም ነበር። ለኦቦ ገመቹ ነገሩን እኔው ራሴ ነግሬያቸዋለሁ፤ እስኪያለቅሱ ስቀው፣ «ግማሹ ለእሷ፣ ሙሉው ላንተ፣ አቧራው ለእኛ» አሉና ዋጋ ላይ ትንሽ ጨመሩብን። ይገባቸው ነበር። እኔም ጥቁሯን ይዤ የሆቴሎቹ በር ላይ ስቆም፣ ድሮ በወጥ ቤት በኩል ያስገቡኝ የነበሩ ሰዎች በዋናው በር ወጥተው ይቀበሉኛል፤ በዋጋ መከራከርም ያፍራሉ። አሁን ኦቦ ገመቹም እትዬ ዘነበችም የሉም፤ ነፍሳቸውን ይማር። ቀይዋን እትዬ ዘነበች ዓይናቸው ሲደክም ለሸምሱ ሰጥተውታል፤ ልጆቹ አዲስ አበባ ወስደዋታል አሉ።

ጥቁሯ እኔ ግቢ ናት። ባለፈው ወር አንድ ወጣት የጉምሩክ አስተላላፊ ከሞጆ ድረስ መጣ፤ ገና ላስቲኳ ያልተላጠ ነጭ መኪና ይዞ። ጥቁሯን ዞሮ ዞሮ አየ፤ እጁን በኮፈኗ ላይ አሳለፈ።

«አባባ፣ ይሽጡልኝ።»

«አትሸጥም።»

«እንለዋወጥ እሺ። የእኔ የዘንድሮ ናት፤ ከፈለጉም እጨምራለሁ። ምን ልጨምር?»

ነጭ መኪናውን በወጉ መረመርኩለት፤ ጎማውን ረገጥኩ፣ በሩን ከፍቼ ዘጋሁ፣ ጎንበስ ብዬ ሥሯን አየሁ። ጥሩ መኪና ናት፤ ሰውን አላስቀይምም።

«መኪናህ ምንም አልጎደላትም» አልኩት። «የጎደለው አንተ ጋ ነው። ሂድና መጀመሪያ ጥቂት ዓመት ተመኛት፤ ከዚያ ና፣ እንነጋገራለን።»